ባዶውን የማይመለስ ቆርቆሮ

በሩ ሲንኳኳ እማዬ ጠረጴዛው ላይ ትሪ ዘርግታ ምስር ትለቅም ነበር። ታኅሣሥ ከገባ ሳምንት አልሞላውም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጨልሟል። ስከፍት የጎን ጎረቤታችን፣ አዛውንቷ አሜሪካዊት፣ በቤት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው ቆመዋል። በሁለት እጃቸው በአረንጓዴ ጥብጣብ የታሰረ ክብ ቀይ ቆርቆሮ ይዘዋል።

«የዘንድሮው ነው። እናትሽም ስላሉ ከአምናው በዛ አድርጌዋለሁ» አሉኝ። ይግቡ ብላቸው ገና ስድስት ቤት እንደሚቀራቸው ነገሩኝና መኪናቸው ውስጥ የተደረደሩትን ሌሎች ቆርቆሮዎች በአገጫቸው አመለከቱኝ።

እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ወሯ ነበር። ጥብጣቡን ፈትታ ክዳኑን አነሳች። በስስ ወረቀት መሃል የተደረደሩትን ኩኪሶች አየች፣ ጎንበስ ብላ አሸተተች። «ቅቤ ነው» አለችና መልሳ ከደነችው። ኅዳር 15 የገባው ጾመ ነቢያት ሊፈታ ከሦስት ሳምንት በላይ ይቀረዋል።

እሷ እስክትመጣ ድረስ እኔ የማደርገውን ልናገር። ለአራት ዓመት ያ ቆርቆሮ በጾም መሃል በደረሰ ቁጥር በማግሥቱ መሥሪያ ቤት እወስደውና ቡና ማፍያው አጠገብ እተወዋለሁ። ማታ ባዶውን አጥቤ የሴትዮዋ በረንዳ ላይ አስቀምጣለሁ፣ አመሰግናለሁ የምትል ወረቀት ለጥፌበት። ነውር መሥራቴ አልታወቀኝም። ለእማዬ ስነግራት ምስሩን መልቀም ተወች።

«ባዶውን?» አለች።

«አጥቤ ነው እኮ።»

«ልጄ፣ የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል?»

ቆርቆሮውን ራሷ ፕላስቲክ ውስጥ ከታ ፍሪዘር አስገባችው። ለገና ይወጣል ተባለ። ከዚያ ቁጭ ብላ የምትመልሰውን ማሰብ ጀመረች።

አሜሪካ ውስጥ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ገናቸው ድረስ እንዲህ ያለ ሳጥን ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ፖስታ ለሚያድለው፣ ለልጅ አስተማሪ፣ ለሐኪም ቤት ነርሶች፣ አዲስ ለገባ ጎረቤት ይሰጣል። በየከተማው የምንኖር ሐበሾች የማናውቀው ነገር አይደለም። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰን ቅቤም እንቁላልም ወተትም በማንቀምስበት ሰሞን ነውና በወጉ ሳናየው ያልፈናል። ያን ዓመት በእማዬ ምክንያት ቀረብ ብዬ አየሁት።

ከድንብላል የጀመረ

ኩኪስ የሚለው ቃል ከደች ቋንቋ የመጣ ነው፤ «ኩክየ» ትንሽ ኬክ ማለት ነው። የዛሬዋ ኒው ዮርክ ኒው አምስተርዳም ትባል በነበረበት ዘመን የሰፈሩት ደቾች ናቸው ቃሉን ይዘውት የገቡት። በአሜሪካዊ ተጽፎ አሜሪካ ውስጥ የታተመው የመጀመሪያው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1796 ሃርትፎርድ፣ ኮነቲከት የወጣው የአሜሊያ ሲመንስ «አሜሪካን ኩከሪ» ነው። ሲመንስ በሽፋኑ ላይ ራሷን ወላጅ አልባ አሜሪካዊት ብላ ነው የጠራችው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ «የገና ኩኪስ» የሚል አንድ አሠራር አለ። ሦስት ፓውንድ ዱቄት፣ አንድ ፓውንድ ቅቤ፣ አንድ ተኩል ፓውንድ ስኳር፣ በወተት የሟሟ ከእንጨት አመድ የሚወጣ ማቡኪያ፣ እና አንድ የሻይ ሲኒ ሙሉ የተፈጨ ድንብላል።

ይህን ሳነብ ድንብላሉ ላይ ቆምኩ። እናቴ ለዓውደ ዓመት ድፎ ዳቦ ስታቦካ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ካልገባበት ዳቦ አትለውም። ኩኪስን ከቸኮሌት ጋር ብቻ የማስበው እኔ፣ የአሜሪካ የገና ኩኪስ መጀመሪያ በታተመበት ገጽ ላይ የእማዬን የድፎ ሽታ አገኘሁት። ሲመንስ ሌላም ነገር ትመክራለች። ኩኪሱ እንደ ወጣ ደረቅና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ተደርጎ ምድር ቤት ከተቀመጠ በስድስት ወሩ ለስልሶ ይሻላል ትላለች። የገናን ኩኪስ ለሐምሌ የሚያደርስ አሠራር ነው።

ገና ራሱ እዚያ አገር ሁልጊዜ የተወደደ በዓል አልነበረም። ፒዩሪታን የሚባሉት የማሳቹሴትስ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ከ1659 እስከ 1681 በሕግ ከልክለውት ነበር፤ ሲያከብር የተገኘ አምስት ሽልንግ ይቀጣል። የፌዴራል በዓል የሆነው በ1870 ነው። በዚህ መሃል የገናን መጋገሪያ ይዘው የገቡት ባብዛኛው ጀርመኖች ናቸው፤ በተለይ ፔንሲልቬንያ የሰፈሩት። የጎረቤታችን አያት ከእነዚያ ዘር ናቸው። ስለዚህ የቀዩ ቆርቆሮ ሥር ሲቆፈር ኑረምበርግ ይደርሳል።

ኑረምበርግ የቅመም ነጋዴ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ነበረች፤ ዙሪያዋን የከበባት ጫካ ደግሞ በማሩ የታወቀ ነው። ቅመምና ማር አንድ ቦታ ሲገናኙ ሌብኩኽን የሚባለው የማር ብስኩት ተወለደ። ጋጋሪዎቹ በ1643 የራሳቸው የሙያ ማኅበር ነበራቸው። ዛሬ «የኑረምበርግ ሌብኩኽን» የሚለው ስም በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ነውና ከከተማዋ ውጭ የተጋገረ በዚያ ስም ሊሸጥ አይችልም። ኤሊዘን የሚሉት ምርጡ ዓይነት ቢያንስ ሩቡ ለውዝ፣ ሃዘልነት ወይም ዋልነት መሆን አለበት፤ ዱቄቱ ከአሥር በመቶ አይበልጥም። የሚገባበትን ቅመም ልዘርዝረው፦ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ዝንጅብል፣ ድንብላል። እኛ ከዚሁ ቁም ሣጥን እየወሰድን ሻይና ንጥር ቅቤ እናጣፍጣለን፤ እነሱ ከማር ጋር ጋገሩት።

አይታሽም

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማዬን ይዤ የሴትዮዋ ማዕድ ቤት ገባሁ። አሠራሩን ማየት እንፈልጋለን ብለናቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ተነስንሷል፣ መስኮቱ ሥር አሥር የሚሆኑ ባዶ ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል። ከአያታቸው የወረሱት የአሠራር ካርድ ከቅቤ ብዛት ወዝቶ ፊደሉ በጀርባው ይታያል።

የሥራቸው ቅደም ተከተል ነው መጀመሪያ የገረመኝ። ሲጀምሩ ታንክስጊቪንግ የሚሉት የምስጋና በዓላቸው ማግሥት ነው። ያ ቀን ከኅዳር 15 ብዙ አይርቅምና እኛ ጾም በምንይዝበት ሰሞን እሳቸው ቅቤ ይገዛሉ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚጋገረው የማር ብስኩት ነው፤ ማር ከአየር እርጥበት ስለሚስብ እየቆየ ይለሰልሳል እንጂ አይደርቅም፣ ቅመሙም እርስ በርሱ ይዋሃዳል። ሊጡ ራሱ ሳይጋገር ሳምንታት ቢያርፍ ይወዳል። ቀጥሎ የቅቤ ኩኪስ ይመጣል፤ በደንብ ከተከደነ ሁለት ሳምንት ጣዕሙን አይለቅም። ማርማላታ መሃሉ ያለበት የሚጋገረው መጨረሻ፣ ሳጥኑ ሊታደል አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ ማርማላታው ብስኩቱን ያረጥበዋልና። ሁሉንም በአንድ ሌሊት ልጋግር የሚል ሰው ሲነጋ ደክሞት ሳጥን መዝጋት ያቅተዋል። እኔ ሞክሬው አውቃለሁ።

የቅቤውን ኩኪስ ሒሳብ አንዴ ካየሁት በኋላ አልረሳሁትም፦ በክብደት አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት። መቶ ግራም ስኳር ከሆነ ሁለት መቶ ግራም ቅቤና ሦስት መቶ ግራም ፊኖ ዱቄት። ጨው ቆንጠር ይደረግበታል። እንቁላል የለውም። ጥበቡ ያለው ቅቤው ላይ ነው። ጣት ሲጫነው ምልክት የሚይዝ ግን ያልወዛ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ቅቤ ከስኳር ጋር ሲመታ የስኳሩ ጠርዝ ቅቤውን እየፈተገ ጥቃቅን የአየር ኪስ ያበጅበታል፤ ቅቤው ነጣ ነጣ ይልና ይቀልላል። ኩኪሱን አፍ ውስጥ እርግፍ የሚያደርገው ያ አየር ነው። የቀለጠ ቅቤ አየር አይይዝም። በቀለጠ ቅቤ ከተሠራም ኩኪሱ ምድጃ ውስጥ ትሪው ላይ ይፈስሳል።

ዱቄቱ ገባ፤ እማዬ እጇን ታጥባ ሊጡን ተቀበለች። ዕድሜ ልኳን እንጀራና ዳቦ ያቦካች ሴት ናት፤ ሊጥ እጇ ሲገባ ታሸዋለች። ሁለት ጊዜ በመዳፏ ገፋ እንዳደረገችው ሴትዮዋ እጇን ቀስ ብለው ያዙት።

«እባክሽ አይታሽ በያቸው» አሉኝ።

እማዬ ግራ ገባት። ስንዴ ውኃ አግኝቶ ሲታሽ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር ያበጃል። ድፎ ዳቦ የሚነፋው፣ የእርሾውን አየር አፍኖ የሚይዘው በእሱ ነው። ኩኪስ ላይ ግን ያው የሚለጠጥ ነገር ጠላት ነው፤ ጠንካራና ጎማ የመሰለ ያደርገዋል። ሊጡ እስኪያያዝ ብቻ ተሰብስቦ ወዲያው ይተዋል። ለእማዬ ይህን ተረጎምኩላት። ሊጡን እያየች ትንሽ ዝም ብላ «ታዲያ ሳይታሽ ማን ያጠግበዋል» አለች፤ ከዚያ እንደተባለችው ሰበሰበችው።

ሊጡ ለአንድ ሰዓት ማቀዝቀዣ ገባ። ቅቤው ይጠነክራል፤ ዱቄቱ እርጥበቱን ይጠጣል፤ ምድጃ ሲገባ ቅርጹን ይይዛል። ከዚያ በመዳመጫ ተዳምጦ፣ በኮከብና በዛፍ መቁረጫ ተቆርጦ፣ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ሴትዮዋ ሰዓቱን ብዙም አያምኑትም፤ ጠርዙ ወርቅማ ሲሆን መሃሉ ገና ለስላሳ መስሎ ሳለ ያወጡታል። የጋለው ትሪ ላይ ቀሪውን ይጨርሳል። ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ ክዳን አይነካውም፤ የታፈነ እንፋሎት ቆርቆሮው ውስጥ ውኃ ሆኖ ይወርድበታል።

ቡና ስንጠጣ (እሳቸው ሻይ ነው የጠጡት) እንዴት አሥር ቆርቆሮ ለብቻቸው እንደሚሞሉ ጠየቅኳቸው። ለብቻቸው አይደለም። በሰፈሩ ስምንት ሴቶች ናቸው፤ እያንዳንዷ ለልውውጡ አንድ ዓይነት ብቻ ስምንት ደርዘን ትጋግርና አንድ ቀን ተሰብስበው ይለዋወጣሉ። አንድ ዓይነት ይዛ የመጣች ስምንት ዓይነት ይዛ ትመለሳለች። ለእማዬ ይህን ለማስረዳት አንድ ቃል በቃኝ። «ዕቁብ ነው» አልኳት። «በብስኩት?» አለች፤ ወዲያውም ዳኛዋ ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ።

የእማዬ መልስ

ዳቦ ቆሎ እንዲሆን የወሰነችው እዚያው ማዕድ ቤት ይመስለኛል። ቤት እንደገባን ዱቄት አስወጣችኝ።

ዳቦ ቆሎ ለጾም ሳጥን ከዚህ የተሻለ የሚገኝለት አይመስለኝም። ዱቄት፣ ዘይት፣ ጨው፣ ስኳር፣ ከተፈለገ በርበሬ፤ ውኃው ጥቂት። ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። ሊጡ ጠንከር ብሎ ይታሻል፣ እንደ እርሳስ እየተድቦለቦለ ይረዝማል፣ የሽምብራ ፍሬ አክሎ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ምጣድ ላይ እየተማሰለ ይቆላል። ረጅሙ ሥራ መቆራረጡ ነው። መንገደኛ ሲነሳ በስንቅነት የሚቋጠርለት አለምክንያት አይደለም፤ ሲቆላ ውኃው ይወጣል፣ ሻጋታ ደግሞ ውኃ ካላገኘ አይኖርም። ደረቅ ማሰሮ ውስጥ ወራት ይቆያል።

ሴትዮዋን ጠራናቸው። በነጋታው ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ፤ ሽርጣቸውን ይዘው። አሁን ሊጡ እሳቸው እጅ ነው። ገና ዱቄቱ እንደተያያዘ ተዉት፤ በትናንቱ ሕግ መሆኑ ነው። እማዬ ሣቀች፤ እጇን በእጃቸው ላይ አድርጋ ሊጡን ወደፊት ገፋችው። «ይሹት፣ ገና ነው በያቸው» አለችኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ሁለቱ ተራ በተራ አሹት። ከዚያ እስኪመሽ እየተድቦለቦለ ተቆራረጠ። ሴትዮዋ ቢላዋ ትተው መቀስ ጠየቁ፤ ከእኛ ሁሉ ፈጠኑ። እማዬ አዲስ አበባም በመቀስ የሚቆርጡ እንዳሉ ነገረቻቸው። በርበሬው አይጎዳቸው ይሆን ብላ ግማሹን ያለ በርበሬ ቆላችው፤ እሳቸው ግን እየደጋገሙ የወሰዱት ከበርበሬው ነው።

ዳቦ ቆሎ ብቻውን ሳጥን አይሞላም። ሁለተኛው የሰሊጥ ኩኪስ እንዲሆን ተስማማን፤ እዚህ ላይ ነው ያበላሸሁት። የቅቤውን ሒሳብ ይዤ በቅቤው ልክ ዘይት ገለበጥኩበት። ዘይት በቤት ሙቀት ፈሳሽ ነው፤ አየር አይይዝም፣ ቅርጽም አያቆምም። ትሪው ላይ ተዘርግቶ አንድ ቂጣ ሆነ፤ የተቆራረሰውን ስነካው እንደ አሸዋ ተበተነ። በሁለተኛው ሙከራ ከዘይቱ ከግማሽ በላይ ቀንሼ በቦታው የተፈጨ የሰሊጥ ቅባት አገባሁ። ሰሊጡ ወፍራም ነው፤ ዱቄቱን ይይዘዋል። ያንን ሌሊት አሳድሬ ጋገርኩት። የሁመራ ነጭ ሰሊጥ ላዩ ላይ ተነሰነሰበት።

የእንቁላልን ቦታ የሚተካው እማዬ ጓዳዋ የለመደችው ነገር ሆኖ ተገኘ፦ ተልባ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ሲቀመጥ እንደ እንቁላል ነጭ ይዝለገለጋል፤ ለአንድ እንቁላል ይሆናል። አሜሪካኖቹ ይህን የሚያደርጉት ከእንስሳት የተገኘ ነገር ለማይበሉት ነው፤ የእኛ እናቶች ተልባን የጾም ቀን መጠጥና ማባያ ካደረጉት ስንት ዘመን ሆነው። የሽምብራ መቀቀያ ውኃም ከስኳር ጋር ረጅም ጊዜ ሲመታ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ ያወጣል። ከሱ ሦስተኛ ዓይነት ሠራን፤ ነጭ፣ ቀላል፣ ልጆች የሚወዱት። የጾም ማዕዳችን ስንት ነገር እንደሚያውቅ እዚያ ትሪ ላይ ነው የታየኝ። ጾም ሆኖብኝ እንጂ እጋግር ነበር የሚል ሰው ከእንግዲህ እኔ ዘንድ ምክንያት የለውም።

አደራደሩ

ሳጥን መደርደር ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ብዙ ሰው ከሁሉም የሚያሳንሰውም እሱን ነው። እርጥበት ካለበት ወደሌለበት ይሄዳል፤ ስለዚህ ለስላሳው የማር ብስኩትና ደረቁ የቅቤ ኩኪስ አንድ ክዳን ሥር ካደሩ ለስላሳው ይደርቃል፣ ደረቁ ይልማል። በየራሳቸው ትንሽ ከረጢት ወይም የወረቀት ጎጆ ይገባሉ። ሽታም ይሄዳል፤ ናና ወይም በርበሬ ያለበት ከቫኒላው ጋር ከተጎራበተ በማግሥቱ ሁሉም አንድ ይሸታል። የኛ ዳቦ ቆሎ በዚህ ምክንያት ለብቻው በታሰረ ከረጢት ገባ። ከባዱና ጠንካራው ከታች፣ ስሱ ከላይ፤ በየደረጃው የመጋገሪያ ወረቀት። ክፍተት ካለ ይሞላል፤ የሚንቀሳቀስ ኩኪስ ይሰበራል። በፖስታ የሚሄድ ከሆነ ቆርቆሮው ሲወዘወዝ ድምፅ ማሰማት የለበትም።

ሦስት ዓይነት ይበቃል ብዬ አምናለሁ። አሥራ ሁለት ዓይነት በየቀለሙ የተለቀለቀ ሳጥን ፎቶው ያምራል እንጂ ተቀባዩ የቱ የማን እጅ እንደሆነ ሳይለይ ያልቃል። ሦስት ዓይነት ከሆነ እያንዳንዱ በስሙ ይጠየቃል።

የማይታለፈው ወረቀቷ ናት። ምን እንዳለበት ይጻፋል፤ በተለይ ለውዝ፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ሰሊጥ። ሰሊጥ አሜሪካ ውስጥ ከጃንዋሪ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ በምግብ መጠቅለያ ላይ የግድ ከሚጻፉት ዘጠኝ ዋና ዋና የአለርጂ ምግቦች አንዱ ነው። ለጎረቤት የሚሰጥ ሳጥን ያ ሕግ አይመለከተውም፤ ጎረቤት ግን ከሱቅ ደንበኛ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባውም። ወረቀቷን እኔ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ እማዬ ከሥር በአማርኛ «እንኳን አደረሰዎ» ጨመረችበት። ማንበብ አይችሉም ብላት፣ አንቺ ታነቢላቸዋለሽ አለችኝ።

ግን ሁሉ ተዘጋጅቶ አንድ ችግር ቀረ። ቀዩ ቆርቆሮ ፍሪዘር ውስጥ ነው፣ ሙሉውን። ባዶ አይደለምና ሊሞላ አይችልም። እማዬ ሻንጣዋን ከፍታ ሰማያዊ ክብ ቆርቆሮ አወጣች፤ የዴንማርክ የቅቤ ብስኩት ድሮ የመጣበትን፣ በየቤቱ ክርና መርፌ ሲቀመጥበት የምናውቀውን። ከአዲስ አበባ በርበሬ ይዛበት ነበር የመጣችው። በሙቅ ውኃና በሎሚ ስታጥበው አመሸች፤ የበርበሬው ሽታ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

ለሴትዮዋ የደረሰላቸው የእነሱ ገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 15 ነው። በሩ ላይ ቆመው ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። እማዬ አሽትታ እንደነበረው ማለት ነው። ዳቦ ቆሎውን አውቀውት ከረጢቱን በጥርሳቸው ፈቱት።

ታኅሣሥ 29 ከቅዳሴ ተመልሰን፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ቡናው ሲፈላ እማዬ ቀዩን ቆርቆሮ አመጣች። ሌሊቱን ከፍሪዘር ቀድማ አውጥታው ስለነበር በረዶው ለቋል። የቅቤ ኩኪስ በደንብ ተከድኖ ከቀዘቀዘ ሁለት ሦስት ወር አይለወጥም፤ ክዳኑ ሳይከፈት ከቤቱ ሙቀት ጋር እስኪስማማ መጠበቅ ነው ዋናው፣ አለበለዚያ እርጥበት ያዝበታል። መጀመሪያ ያነሳችው ኮከቡን ነው። ከንፈሯ ላይ የቀረውን ስኳር በጣቷ ጠርጋ «እኚህ ሴትዮ ቅቤ ያውቃሉ» አለች። ከቆርቆሮው ሥር፣ በስተመጨረሻው ወረቀት ታች፣ የአሠራሩን ካርድ በእጃቸው ገልብጠው አስቀምጠውላት ነበር። ሦስት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ተቀምጦ አላየነውም።

መጋቢት ላይ እማዬ ወደ አገሯ ስትመለስ ቀዩ ቆርቆሮ አብሮ እንዲሄድ ሴትዮዋ ለመኑን። ባዶውን አልሰጠናትም፤ ምን እንደገባበት ሌላ ታሪክ ነው። ጾሙ ተፈትቶ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ስልክ ደወለች፤ ድምፅዋ ተበሳጭቷል። ካርዱ ላይ ያለውን በግራም መዝና ሠርታዋለች፣ ሁለቴ። ሁለቴም ተዘርግቶ ቀርቷል።

ስህተቱ የእሷ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ካርዱ የተጻፈው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ላላለ ማዕድ ቤት ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ከሊጡ እርጥበት ቶሎ ይወጣና ስኳሩ ይበረታል፤ ስኳር የበዛበት ሊጥ ደግሞ ይፈስሳል። ቤኪንግ ፓውደር ባለበት አሠራር አረፋው ያለመጠን ይነፋና ተመልሶ ይሟሽሻል። ስኳሩን በሁለት ማንኪያ ቀንሺ፣ ዱቄቱን በአንድ ሁለት ማንኪያ ጨምሪ፣ ሊጡን ሌሊቱን አሳድሪ፣ እሳቱን ትንሽ ከፍ አድርጊ አልኳት። በውጭ አገር አሠራር እየሞከሩ እጄ አይረባም የሚሉ ስንት ሴቶች አዲስ አበባ ውስጥ አውቃለሁ። እጃቸው ምንም አልሆነም፤ ካርዱ ከተማቸውን አያውቅም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ዘመዳችን ከቦሌ ሲመጣ ቀዩን ቆርቆሮ ይዞልኝ መጣ። በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ የሴትዮዋ ስም በአማርኛ ተጽፎበታል። እንዳለ ወሰድኩላቸው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን ከፈቱት፤ ኮከቦቹ ጠርዛቸውን ይዘው፣ አንድም ሳይፈስስ፣ በወረቀት መሃል ተደርድረዋል። አንዱን ነክሰው ቆም አሉ። ሌላ ነከሱ።

«የእኔ አሠራር ነው» አሉ፤ «ግን አንድ ነገር ጨምረውበታል። ምንድን ነው?»

እኔም ቀመስኩት። ድንብላል ነበር።

የቃሉን አጠራር ሁለት ጊዜ ካስደገሙኝ በኋላ ካርዳቸውን ከማዕድ ቤት አምጥተው በእርሳስ ጻፉት። ቆርቆሮውን ጭናቸው ላይ አድርገው ክዳኑን እየከፈቱ እየዘጉ ከቆዩ በኋላ እናቴ የምትወደው ማርማላታ የትኛው እንደሆነ ጠየቁኝ።